ብርዱ ሲገባ ከትንንሽ ልጆች ጋር ቤት መዋል፦ ስለ ትምህርት፣ ስለ እጅ ሥራና ስለ ቤት አያያዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ2 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ፣ ወይም ብርዱ እስኪያልፍ ከእነሱ ጋር ቤት ለሚውሉ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። በብርድ ወራት ቀኑ ያጥራል፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፤ የልጆች ጉልበት ግን እንዳለ ነው። አብዛኞቹ መልሶች የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፦ ለትንሽ ልጅ የቤቱ ሥራ ራሱ ትምህርት ነው፤ ሁለቱን ለመለያየት የምናፈሰውን ጉልበት ብንተወው ቀኑ ይቀልላል።

የሰዓት ፕሮግራም ላውጣ ወይስ ቀኑን እንደመጣ ልተወው?

ከሰዓት ይልቅ ቅደም ተከተል አውጡ። የ4 ዓመት ልጅን «አራት ሰዓት ሆኗል» ብትሉት ምንም አይገባውም፤ «ቁርስ እንደበላን ወደ ውጭ እንወጣለን» ካላችሁት ግን ጫማውን ፍለጋ ይሄዳል። በብርድ ወራት ቀኑን የሚመራው ብርሃን ስለሆነ በሦስት ነገሮች ላይ ብትቆሙ ይበቃል። ሰማዩ በደንብ በሚበራበት ሰዓት ወደ ውጭ መውጣት፤ ከምሳ በኋላ፣ ሁሉም ሰከን ሲል፣ የእጅ ሥራ፤ ሲጨልም ደግሞ ተጠጋግቶ መጽሐፍ ማንበብ። በመካከል ያለው ጊዜ ለጨዋታ፣ ለቤት ሥራና ለእንቅልፍ ይሁን። ጠዋት የቀን ብርሃን ማግኘት የሰውነትን የእንቅልፍ ሰዓት ስለሚያስተካክል ልጆቹ ማታ በጊዜ እንዲተኙም ይረዳል።

ለሳምንቱም እንዲሁ ለየቀኑ አንድ ሥራ መድቡ፦ ሰኞ ልብስ ማጠብ፣ ረቡዕ ሊጥ ማቡካት፣ ዓርብ የተሰበረ መጫወቻና የተቀደደ ልብስ መጠገን። ልጁ የቀናቱን ስም በቃሉ ከመያዙ በፊት በሥራቸው ይለያቸዋል።

በቀን ስንት ሰዓት ላስተምር?

ከምታስቡት በጣም ያነሰ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ መማር አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ። 6 ወይም 7 ዓመት ለሆነው ንባብ፣ ጽሕፈትና ቁጥር እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሰጡት በቂ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 1 ሰዓት አይሞላም። ይህ መደበኛ ትምህርት ቤት ለለመደ ዓይን ጥቂት ይመስለዋል። አንድ ለአንድ ስታስተምሩ ግን ተራ መጠበቅ የለም፣ ጸጥ ማሰኘት የለም፣ ልጁ ያልገባውን እዚያው ታያላችሁ።

እንግሊዛዊቷ የትምህርት ሰው ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) ለትንንሽ ልጆች ትምህርት አጭር ይሁን ብላ የተከራከረችው ትኩረት የሚለመድ ነገር ነው ከሚል እምነት ተነሥታ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ልጁ ሳይደክመው ብታቆሙ ነገ በፍላጎት ይመለሳል፤ እያዛጋ ብትቀጥሉ ግን ደብተሩን እያየ ሌላ ማሰብን ይለምዳል።

ልጄ 5 ዓመት ሞልቶት ገና ማንበብ አልጀመረም። ልስጋ?

በዚህ ዕድሜ ለዚህ ብቻ ብሎ መስጋት አያስፈልግም። በፊንላንድ ልጆች መደበኛ ትምህርት የሚጀምሩት 7 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው። በዝርግ ሳህን ላይ ዱቄት በትናችሁ «በ»ን በጣቱ እንዲጽፍ አድርጉ፤ ሳህኑን ነቅነቅ ስታደርጉት ይጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። እርሳስ ለመያዝ ገና ያልጠነከረ እጅ በዚህ መንገድ የፊደሉን አካሄድ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን በየቀኑ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። የማይሰማ ከመሰላችሁ፣ ስትጠሩት ዞር የማይል ከሆነ፣ ወይም ንግግሩ ከእኩዮቹ በጣም ከዘገየ ግን ሐኪም ይየው።

ልጆቹ ሲነቁ እጄ አይፈታም። የቤቱን ሥራ መቼ ልሥራው?

ከእነሱ ጋር። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ሰው ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሆች ሠፈር፣ የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» ከፈተች። በእሷ ዘዴ ልብስ መቆለፍ፣ ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ መገልበጥ፣ መጥረግና ጠረጴዛ መወልወል ከፊደልና ከቁጥር እኩል ቦታ አላቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጨርቅ የሚጨምቅ እጅ እርሳስ የሚይዝበትን ጡንቻ ያጠነክራል፤ አንድን ሥራ ጀምሮ የጨረሰ ልጅ ደግሞ የመጨረስን ልማድ ይዞ ወደ ንባብ ይመጣል።

የልብስ ቀንን እንውሰድ። የ2 ዓመቱ ልጅ ነጩን ከባለ ቀለሙ ይለያል። የ4 ዓመቷ ካልሲ ታጣምራለች፤ ጥንዶቹን ስትደረድር በሁለት በሁለት መቁጠር ትማራለች፣ አንድ ካልሲ ሲተርፋት ጎዶሎ ቁጥር ምን እንደሆነ ገባት ማለት ነው። የ6 ዓመቱ ፎጣ ሲያጥፍ መጀመሪያ ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ ያገኛል። ሊጥ ሲቦካ ስንት ግማሽ ኩባያ አንድ ሙሉ ኩባያ እንደሚሞላ ይለካል። ማዕድ ሲቀርብ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ያደርሳል። መጥረግ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ወለሉ ላይ በጠመኔ ወይም በፕላስተር ትንሽ አራት ማዕዘን ይሥራ፤ ልጁ ቆሻሻውን ወደዚያ እየገፋ ይሰበስባል። ያለዚህ ምልክት መጥረጊያው ቆሻሻውን ከመበተን አያልፍም።

በብርድ ወራት ልብስ ቤት ውስጥ ከተሰጣ ውሃው የትም አልጠፋም፤ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ሆኖ ይታያል። ልጆቹ ጠዋት በጣታቸው የሚስሉበት ያ ጤዛ ትናንት እርጥብ ሹራባቸው ውስጥ የነበረ ውሃ ነው ብላችሁ አሳዩአቸው። ስለ ትነትና ስለ ዝናብ ለማስተማር ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አላውቅም። ከትምህርቱ በኋላ ግን መስኮቱን ለጥቂት ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ እርጥበቱ ከተጠራቀመ ግድግዳው ይሻግታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከልጅ ጋር የሚሠራ ሥራ ይዘገያል፣ አንዳንዴም እንደገና መሠራት አለበት። ስለዚህ በቀን ሁለት ሥራ ብቻ አብራችሁ ለመሥራት ምረጡ፤ ቀሪውን ሲተኙ ወይም በጨዋታ ሲመሰጡ ጨርሱት። ፎጣው ጠምሞ ቢታጠፍ ልጁ እያየ አታስተካክሉት። የፈላ ውሃ፣ ስል ቢላና የጽዳት ኬሚካል የእነሱ ድርሻ አይደሉም።

ቤቱ ሁልጊዜ የተዝረከረከ ነው። ምን ይሻላል?

ከመጫወቻዎቹ ግማሹን በካርቶን አድርጋችሁ ከዓይን አርቁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውጡት። ሙጫና ቀለም የሚነካ ሥራ አሮጌ አንሶላ ላይ ብቻ ይሠራ፤ ሲያልቅ አራቱን ጫፍ ይዞ ማንሣት ነው።

የእጅ ሥራ ከምን እንጀምር?

ከ2 እስከ 3 ዓመት ላሉት ሊጥ ይበቃል። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ ቀስ በቀስ የሚጨመር እስከ 1 ኩባያ ውሃ፤ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ማሸት። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ዳምጠው ቅርጽ ካወጡለት በኋላ ቤት ውስጥ ለቀናት እያገላበጡ ማድረቅ፣ ወይም በምድጃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከ2 እስከ 3 ሰዓት መተው ይቻላል። ሲደርቅ ቀለም ይቀባል። ጨው የበዛበት ስለሆነ ልጆች እንዳይበሉት አጠገባቸው ሁኑ፤ ውሻ ካላችሁም ከእሱ አርቁት፣ ለውሾች መርዝ ነው።

ከ4 እስከ 5 ዓመት፣ መቀስና መርፌ። መቀስ ሲጀምሩ ወረቀቱን ቀጭን አድርጋችሁ በአንድ ምት የሚቆረጥ ስጡአቸው፤ መስመር ተከትሎ መቁረጥ በኋላ ይመጣል። ልጁ ግራኝ ከሆነ ለግራ እጅ የተሠራ መቀስ ፈልጉለት። በተለመደው መቀስ ላይ የላይኛው ስለት የሚቆርጠውን መስመር ይሸፍንበታል፤ ብዙ ልጆች ጥፋቱ የመቀሱ ሆኖ ሳለ «እጁ አይታዘዝም» ይባላሉ። ለስፌት ደግሞ በካርቶን ላይ ቀዳዳ በስታችሁ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ ትልቅ መርፌ ስጡ። ክሩን አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ካልቋጠራችሁት በየደቂቃው ከመርፌው ይወልቅና ስትሰኩ ትውላላችሁ። ስንት መርፌ እንደወጣ፣ ስንት እንደተመለሰ ቆጥራችሁ አስቀምጡ።

ከ6 ዓመት ጀምሮ ሽመና። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ጠንካራ ካርቶን ወስዳችሁ ላይና ታቹን በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ሰንጥቁ፤ ድሩን ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ እያሻገራችሁ ወጥሩት። ማጉን ልጁ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፈ ይሸምናል፤ በሚቀጥለው መስመር ይገለብጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር ጫፍ ላይ ክሩን ጠበቅ አድርጎ መሳብ ነው፤ ጨርቁ መሀሉ ላይ እንደ ወገብ ይቀጥናል። መድኃኒቱ ማጉን ቀጥ ብሎ ሳይሆን ቀስት ሠርቶ እንዲያልፍ ማድረግና ከዚያ በማበጠሪያ ወደ ታች መጫን ነው። አንዲት ትንሽ ምንጣፍ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ብርዱም የሚሰጠን ይህንኑ ረጅም ጊዜ ነው። በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ሥራ ብቻ የለመደ ልጅ ነገ የሚመለስበት ሥራ ሲኖረው ሁኔታው ይለወጣል፤ ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚፈልገው ካርቶኑን ይሆናል።

ያልተፈተለ ሱፍ ካገኛችሁ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አሽታችሁ ኳስ መሥራት ሁሉም ዕድሜ ይችላል። የሱፍ ክር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ በሙቀትና በማሸት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ የሚጠበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ ራሴ የእጅ ሥራ አልችልም። እንዴት ላስተምራቸው?

አብራችሁ ተማሩ። ልጅ አዋቂ ሰው ፈትቶ እንደገና ሲጀምር ማየቱ ይጠቅመዋል።

የወረቀት በረዶ ስንሠራ ለምን 6 ጫፍ ይሁን ይባላል?

እውነተኛው የበረዶ ቅንጣት እንደዚያ ስለሆነ። የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ ባለ 6 ጎን ቅርጽ እየሠሩ ይያያዛሉ፤ ቅንጣቱ ሲያድግም ከስድስቱ ማዕዘን ቅርንጫፍ ያወጣል። በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ዊልሰን ቤንትሌይ የተባለ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ የአንድ የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሣ፤ በሕይወት ዘመኑም ከ5,000 በላይ አንሥቷል። ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል።

ለመሥራት ክብ ወረቀት ለሁለት እጠፉ፤ ግማሹን ክብ ለሦስት እኩል ክፍል እጠፉ፤ በመጨረሻ አንዴ ደግሞ ለሁለት። አሁን 12 ድርብ ሆኗል። ጠርዙን ቆራርጣችሁ ስትዘረጉት ባለ 6 ጫፍ ይወጣል። ለትንንሽ እጅ 12 ድርብ ወረቀት ስለሚከብድ ስስ ወረቀት ተጠቀሙ።

በዚህ ብርድ ወደ ውጭ ማውጣት አይጎዳቸውም?

ተገቢውን ልብስ ከለበሱ አይጎዳቸውም፤ ቤት ተዘግቶ መዋል ይበልጥ ይከብዳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 3 እና 4 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም 60 ደቂቃው ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲሆን ይመክራል። ይህን ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ መፈጸም ለልጁም ለዕቃውም አስቸጋሪ ነው።

አለባበሱ ንብርብር ይሁን፦ ከውስጥ ገላ ላይ የሚያርፍ ስስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ላብ ወይም ውሃ የነካው ጥጥ ሙቀት ስለማይዝ በጣም ሲበርድ ውስጡ ሱፍ ቢሆን ይመረጣል። ካልሲ ደርቦ ጫማ ማጥበቅ እግርን ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም፤ ለጣቶች መላወሻ ቦታ ይኑር። ልጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም ልብሱ ከረጠበ ግቡ። ጣቱ፣ ጆሮው ወይም አፍንጫው ነጣ ብሎ ከደነዘዘ አትሹት፤ አስገብታችሁ ለብ ባለ ውሃ አሙቁት፤ ቀለሙና ስሜቱ ካልተመለሰ ሕክምና ቦታ ውሰዱት።

ለሳይንስ ምን ልሥራ?

በረዶ አስረጉ። በፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሞልታችሁ የውሃውን ልክ በማርከር አስምሩ፤ በማግስቱ በረዶው ከመስመሩ አልፎ ታገኙታላችሁ። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ነው፤ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ከዚያ አንዱ በረዶ ላይ ጨው ነስንሱ፣ ሌላውን ተዉት፤ የቱ ቀድሞ እንደሚቀልጥ ልጁ አስቀድሞ ይገምት።

ትልልቆቹ «ብርድ ለምን ይመጣል?» ብለው ሲጠይቁ ፀሐይ ስለራቀች ነው ብላችሁ አትመልሱ። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ሰሜኑ የምድር ክፍል ብርድ ውስጥ ሳለ ነው፤ ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በጁላይ 152 ሚሊዮን ይደርሳል። ብርዱን የሚያመጣው የምድር ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉ ነው። ኳስና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ አሳዩአቸው፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ ጠባብና ደማቅ ነው፣ ሲያጋድል ይሰፋና ይደበዝዛል።

ሲመሽ ስክሪን ብከፍትላቸው?

ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ጨርሶ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። የምትከፍቱ ከሆነ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ ባለቀሱ ቁጥር የሚከፈት ስክሪን ልቅሶ ያበዛል።

ሕፃንም አለኝ። ትልልቆቹ በትንንሽ ነገር ሲሠሩ እንዴት ልጠብቀው?

የልብስ ቁልፍ፣ ዶቃና የክር ቁርጥራጭ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይቆዩ፤ ሥራው ሕፃኑ በሚተኛበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ሶፍት ከሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ የሚያልፍ ማንኛውም ዕቃ ከ3 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቅ ይችላል፤ ከሥራው በኋላ ትልልቆቹ ቱቦውን ይዘው ወለሉን «ይፈትሹ»፣ ደስ እያላቸው ይሠሩታል። ሁለት ነገሮች ግን ለእጅ ሥራ ጨርሶ አይግቡ፦ ክብ ጠፍጣፋ ትንንሽ ባትሪና ትንንሽ ማግኔት። ባትሪው ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሁለት ማግኔት ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ይሳሳባሉ። ተውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ቤቱን እንዴት ባሞቀው ይሻላል?

በምንም ብታሞቁት ከሰል የተዘጋ ቤት ውስጥ አታንድዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን እንኳ ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ በቤቱ ሰው ሁሉ ላይ አንድ ላይ ከታየ ወዲያው ሁሉንም ይዛችሁ ውጡና የሕክምና እርዳታ ጥሩ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከመጋረጃ፣ ከአልጋና ከተሰጣ ልብስ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ በላዩ ላይ ካልሲ አይደረቅ።

ልጆቹ ሲያማቸው ትምህርቱን ልቀጥል?

አትቀጥሉ። አንብቡላቸው፣ አስተኙአቸው።

በጣም ደክሞኛል። ሁሉንም መሥራት አልቻልኩም።

ሁሉንም መሥራት የሚችል የለም። እንዲህ ባለ ቀን ሦስት ነገር ብቻ ያዙ፦ ምግብ፣ ጥቂት ደቂቃ ውጭ፣ አንድ መጽሐፍ። ትምህርቱ ነገ ይደርሳል። ተመሳሳይ ልጆች ካላት ሌላ እናት ጋር በሳምንት አንድ ቀን ተራ በተራ ቤት ለቤት መገናኘትም ብዙ ያግዛል፤ ልጆቹ አብረው ይሸምናሉ፣ እናንተም ከትልቅ ሰው ጋር ታወራላችሁ። ድካሙ ከሳምንታት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ወይም ምንም ነገር ደስ አላሰኝ ካለ ግን ጉዳዩ ከቤት አያያዝ ያለፈ ነውና ሐኪም አማክሩ።

ልጅን ቤት ማስተማር በሕግ ይፈቀዳል? ምን መዝግቤ ልያዝ?

እንደየአገሩ ነው። በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፣ ደንቡ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በጀርመን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም። ልጁ የግዴታ ትምህርት ዕድሜ ከመድረሱ በፊት የምትኖሩበትን አገር የትምህርት ባለሥልጣን ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለመዝገብ አንድ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ምን እንዳነበባችሁ፣ ልጁ ምን እንደሠራ። በወር አንድ ጊዜ የጽሕፈቱን አንድ ገጽ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ፤ የሽመናውንና የሊጡን ሥራ ደግሞ ፎቶ አንሡ። ባለሥልጣን ሲጠይቅ የምታሳዩት ይህንን ነው፤ «ምንም አልተማረም» የሚል ስጋት ሲይዛችሁም የሦስት ወር በፊቱን ገጽ ከዛሬው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አነጻጽሩ።